የድርጅትዎን ታሪክ በጥንታዊ የትረካ ሴራዎች እንዴት ይጽፋሉ?

በፒያሳና በአራት ኪሎ፣ በለገሃርና በሜክሲኮ ዙሪያ የሚሠሩ አነስተኛ ድርጅቶች የቴሌግራም ቻናል ወይም የፌስቡክ ገጽ ሲከፍቱ «ስለ እኛ» በሚለው ቦታ የሚያሰፍሩት ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ የተመሠረቱበት ዓመተ ምሕረት፣ «ጥራት ያለው አገልግሎት እንሰጣለን» የሚል ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያም ስልክ ቁጥር። ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ስልኩን ሊመዘግብ ይችላል፣ ድርጅቱን ግን ለጎረቤቱ የሚያወራበት ነገር አያገኝም። ከጥንት ጀምሮ ሲነገሩ የኖሩ የትረካ ሴራዎች፣ ማለትም ታሪክ የሚሄድባቸው የተለመዱ መንገዶች፣ ለንግድ የሚጠቅሙትም እዚህ ላይ ነው፤ አድማጩ አካሄዳቸውን አስቀድሞ ስለሚያውቀው ታሪኩን በቀላሉ ይዞት ይሄዳል።

ይህ መመሪያ አንድን ድርጅት ከጥሬ መረጃ ተነሥቶ አጭር ታሪክ እስከሚኖረው ድረስ ያለውን ሥራ በቅደም ተከተል ያሳያል። ከሌሎች መሰል መመሪያዎች የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ብዙዎቹ አስቀድመው ሴራ እንዲመርጡና ድርጅትዎን በዚያ ልክ እንዲቀርጹት ይመክራሉ፤ እኔ ግን ሴራው ድርጅቱ ዋጋ ከከፈለበት ውሳኔ ውስጥ ተፈልጎ መገኘት አለበት እላለሁ፣ የሥራው ቅደም ተከተልም ከዚህ አቋም የመነጨ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በምናባችን አንድ ልብስ ስፌት ቤት እንክፈት። ቤቱ ለረጅም ጊዜ ፒያሳ ሲሠራ ቆይቶ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ሜክሲኮ አካባቢ ወደሚገኝ ሕንፃ ተዛውሯል። ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ሲሆን ዋና ሥራው የወንዶች ሙሉ ልብስ፣ ከዚያም ውስጥ በተለይ የሙሽራና የሚዜ ልብስ መስፋት ነው። ባለቤቱ ታሪኩ እንዲጻፍለት ሲጠይቅ «አባቴ በአንድ ሲንጀር ጀምሮ እዚህ ደረሰ፣ ከፒያሳ ተነሥተንም አልወደቅንም ብለህ ጻፍልኝ» ይላል እንበል።

አንደኛ፦ ጥሬውን ነገር መሰብሰብ

ባለቤቱ ያለውን መዝግቡ፣ ነገር ግን በእርሱ ቃል ብቻ አትጻፉ። ባለቤቶች ታሪካቸውን ብዙ ጊዜ ስለተናገሩት በአፋቸው ላይ ለስልሷል፤ ለትረካ የሚጠቅመው ሻካራው ክፍል ደግሞ ሲነገር ሲነገር የተቆረጠው ነው። ስለዚህ በቤቱ ውስጥ ረጅም ዘመን የሠራውን ሰው ፈልጉ። «የድርጅታችሁ ራእይ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ የቢሮ መልስ ከማምጣት አያልፍም። «ጋሼ፣ እዚህ ቤት ከሠሩት ሥራ ሁሉ እስከ ዛሬ የማይረሱት የትኛውን ነው? ጌታው የተቆጡበት ቀንስ?» ብላችሁ ስትጠይቁ ግን ሰውየው መቀሱን አስቀምጦ ማውራት ይጀምራል።

ከቃል ቀጥሎ ወረቀት ይመጣል። በልብስ ስፌት ቤታችን ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ሰነድ የልክ ደብተሩ ነው። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ የደንበኛው ስም፣ የትከሻ፣ የደረት፣ የወገብና የእጅጌ ልክ በተርታ ይገኛል፤ ከጎኑም «ግራ ትከሻው ዝቅ ይላል» ወይም «ሆድ እያወጣ ነው፣ ሁለት ሴንቲ ይተው» የሚሉ ማስታወሻዎች በእርሳስ ተጽፈዋል። ይህ ደብተር «ደንበኞቻችንን በቅርበት እናውቃለን» ከሚለው ዓረፍተ ነገር እጅግ የበለጠ ይናገራል። በምግብ ቤት የዱቤ መዝገብ፣ በጋራዥ የመለዋወጫ ደረሰኝ፣ በወርቅ ቤት የጥገና ካርኒ ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል። ያገኛችሁትን ነገር ሁሉ ሳትመርጡ ጻፉ፣ ምርጫው በኋላ ይመጣል።

ሁለተኛ፦ ዋጋ የተከፈለበትን ውሳኔ ማግኘት

ከተሰበሰበው ነገር ውስጥ ድርጅቱ ሌላ አማራጭ እያለው፣ ገንዘብ ወይም ደንበኛ እንደሚያጣ እያወቀ የወሰነውን ውሳኔ ፈልጉ። ለእያንዳንዱ ክስተት ሦስት ጥያቄ ማቅረብ ይበቃል፤ በዚያን ጊዜ ምን ቀረባችሁ? ከቤቱ ሰዎች ማን ተቃወመ? ዛሬም በዚያው ውሳኔ ትሠራላችሁ? ለሦስተኛው ጥያቄ መልሱ «አይ፣ ትተነዋል» ከሆነ ያ ክስተት ትዝታ እንጂ የድርጅቱ ታሪክ ሊሆን አይችልም።

በዚህ ወንፊት ሲታይ ባለቤቱ በጣም የሚወደው የመዛወር ታሪክ ይወድቃል። ከፒያሳ መነሣት በቤቱ ላይ የመጣ ነገር እንጂ ቤቱ የመረጠው አይደለም፤ በዚያ ዓመት የተነሣው ሰውም ብዙ ስለሆነ ታሪኩ የእርሱ ብቻ ሊሆን አይችልም። ሽማግሌው ሰፊ ያወሩት ሌላ ነገር ግን ያልፋል። በአንድ የጥር ወር ሥራ በዝቶ ሳለ የሙሽራውና የሚዜው ልብስ ተለዋውጦ ይሄዳል፤ ሠርጉ በማግስቱ ነበር። አባትየው ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ኮት በገበሩ ውስጥ የደንበኛው ስም በክር እንዲጻፍበት፣ የሙሽራ ልብስም ሙሽራው ራሱ መጥቶ ለብሶ ሳይታይ እንዳይሰጥ ወሰኑ። በዚህ ምክንያት በሠርግ ወቅት የሚቀበሉት ትዕዛዝ ቀነሰ፣ ልጃቸው ተቃወመ፣ ደንቡ ግን እስከ ዛሬ አለ። ሦስቱም ጥያቄዎች ተመልሰዋል።

በዚሁ ደረጃ ላይ የሁሉም የሆነውን ታሪክ የራስ ከማድረግ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ቡና ቆልተው ከሚሸጡት ውስጥ ስንቶቹ በማሸጊያቸው ላይ የካልዲንና የፍየሎቹን ተረት አትመዋል? ቡና በልተው ስለጨፈሩት ፍየሎች የሚናገረው ወሬ በጽሑፍ ከሚታወቅባቸው ጥንታዊ ሰነዶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1671 ሮም ላይ የታተመ የላቲን ድርሳን ነው፤ እዚያም ላይ ካልዲ የሚባል ስም የለም። ተረቱ ያማረ ቢሆንም ለማንም ቡና ቆይ ተለይቶ የሚሰጠው ነገር የለውም፤ ከጎኑ ባለው መደርደሪያ ላይ ያለው እሽግም ያንኑ ያወራልና።

ሦስተኛ፦ ውሳኔውን ከሴራዎቹ ጋር ማመሳከር

ታሪክ መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ሊኖረው እንደሚገባ የግሪኩ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ከተናገረ ወዲህ ሴራዎችን ቆጥሮ ለመመደብ የሞከረ ብዙ ነው። በንግድ ጽሑፍ ሥልጠና ላይ በብዛት የሚጠቀሰው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ክሪስቶፈር ቡከር እ.ኤ.አ. በ2004 ያቀረበው የሰባት ሴራዎች ምደባ ነው፤ ጭራቅን ማሸነፍ፣ ከድህነት ወደ ብልጽግና መውጣት፣ ፍለጋ፣ ሄዶ መመለስ፣ ኮሜዲ፣ ትራጀዲና ዳግም መወለድ። ቁጥሩ ሰባት ይሁን ወይም ዘጠኝ ለእኛ ሥራ ለውጥ አያመጣም፤ ምደባው የሚጠቅመው ውሳኔያችንን የምናስጠጋበት ነገር ስለሚሰጠን ነው።

ጭራቅን የማሸነፍ ሴራ ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለም። በአራዳ ጊዮርጊስ የተሳለመ ሁሉ በነጭ ፈረስ ሆኖ ደራጎኑን በጦር የሚወጋውን ቅዱስ ጊዮርጊስንና በዛፍ ላይ ሆና የምትመለከተውን ብሩታዊትን ያውቃል። ድርጅቶች ይህን ሴራ ሲጠቀሙ ሁልጊዜ ራሳቸውን ፈረሱ ላይ ያስቀምጣሉ፣ ደንበኛውን ዛፉ ላይ ይሰቅሉታል፤ ደንበኛ ደግሞ ቆሞ ተመልካች የሆነበትን ታሪክ ለሌላ ሰው ለማውራት አይጓጓም። ጦሩን ለደንበኛው ማቀበል ይሻላል። ሌላው ጥንቃቄ የጭራቁ ማንነት ነው፤ ጭራቁ ችግር ይሁን፣ ሰው አይሁን። የመብራት መቆራረጥ፣ አስመስሎ የተሠራ መለዋወጫ፣ በቀጠሮ የማይደርስ ዕቃ ጥሩ ጭራቆች ናቸው። ጎረቤት ያለው ተወዳዳሪ ግን በሕግም በጨዋነትም ጭራቅ ሊሆን አይገባውም።

ከድህነት ወደ ብልጽግና የሚወጣው ሴራ በከተማችን ከሚገባው በላይ ተነግሯል። ከሊስትሮነት ወይም ከሎተሪ አዟሪነት ተነሥቶ የሕንፃ ባለቤት የሆነ ሰው ታሪክ በየቃለ መጠይቁ ስለሚሰማ ጆሮ ለምዶታል። የሴራው ጥንታዊ ቅርጽ ግን በመካከሉ ባለታሪኩ ያገኘውን ሁሉ የሚያጣበት፣ ያለ ሀብቱ ማን እንደሆነ የሚፈተንበት ክፍል አለው፤ ይህ ክፍል ከተዘለለ የሚቀረው ጉራ ነው። ባለቤቱ ያንን ክፍል ለመናገር ፈቃደኛ ካልሆነ ሴራውን ተዉት።

ፍለጋ ረጅም ዕድሜ ላላቸውና ግባቸው ሩቅ ለሆነ ድርጅቶች ይስማማል፤ ልዩ ባሕርይውም መንገዱ በደረጃ የተከፈለ መሆኑ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድን ብንወስድ እ.ኤ.አ. በ1946 በሲ-47 አውሮፕላን ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ ከአሜሪካው አየር መንገድ ቲ.ደብሊው.ኤ. ጋር በገባው ውል መሠረት አብራሪዎቹና ኃላፊዎቹ የውጭ ሰዎች ነበሩ። በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የመንገደኛ አውሮፕላን አዛዥ ሆኑ፤ በ1971 ደግሞ ኮሎኔል ስምረት መድኅኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነው ተሾሙ። ሦስቱን ዓመታት በተርታ ማስቀመጥ ብቻውን «በራሳችን ሰዎች እናበርራለን» የሚል የፍለጋ ታሪክ ይሆናል፣ ቅጽል አያስፈልገውም። የእናንተ ድርጅት እንዲህ ያሉ የሚታዩ ደረጃዎች ከሌሉት «ጉዟችን ቀጥሏል» በሚል ሐረግ ክፍተቱን ለመሸፈን አትሞክሩ።

ሄዶ መመለስ ሲባል የአገራችን ሰው ቶሎ የሚያስታውሰው እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮም ተወስዶ በ2005 የተመለሰውን የአክሱም ሐውልት ይሆናል። ለገሃር ያለው የይሁዳ አንበሳም እንዲሁ ተማርኮ ሄዶ ተመልሷል። ይህ ሴራ ከውጭ ተመልሰው ሥራ ለከፈቱ ሰዎች የሚስማማ ሲሆን ከሄደበት የተገኘው ነገር በሥራው ላይ በግልጽ መታየት አለበት። የልብስ ስፌት ቤታችን ባለቤት ይህን ሴራ ለመዛወሩ ታሪክ ሊፈልገው ይችላል፤ ነገር ግን ቤቱ ወደ ፒያሳ አልተመለሰምና እውነታው አይፈቅድለትም።

ዳግም መወለድ የተናቀ ወይም የተጣለ ነገር አዲስ ሕይወት የሚያገኝበት ሴራ ነው። ቤተልሔም ጥላሁን እ.ኤ.አ. በ2004 በዘነበ ወርቅ ሰፈር የመሠረተችው ሶል ሬብልስ የተባለው የጫማ ድርጅት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል፤ ከአሮጌ ጎማ ተቆርጦ የሚሠራው ባርባሶ ጫማ ለውጭ ገበያ የሚቀርብ ምርት መነሻ ሆኗል። ባለታሪኩ በገዛ ስሕተቱ የሚወድቅበትን ትራጀዲን በተመለከተ ለመንገድ ደኅንነትና ለመሰል የማስጠንቀቂያ ሥራዎች ካልሆነ በቀር በንግድ ውስጥ ብዙ ቦታ የለውም።

የቀረው ኮሜዲ ነው፤ የእኛ ልብስ ሰፊ ታሪክም ያለው እዚህ ነው። ኮሜዲ ማለት ቀልድ መናገር ብቻ ከመሰለን እንሳሳታለን። በጥንታዊው ቅርጹ ኮሜዲ ነገሮች የሚደበላለቁበት፣ ማን ማን እንደሆነ የሚጠፋበት፣ በኋላም ሁሉ ነገር ቦታውን ይዞ ብዙውን ጊዜ በሠርግ የሚያልቅ ሴራ ነው። የተለዋወጠ ልብስ፣ ግራ የተጋባ ሙሽራ፣ በመጨረሻም ሠርግ፤ ሴራው ተሠርቶ ደጃፋችን ላይ ተቀምጧል። ባለቤቱ ሲጀምር ያቀረበው ከድህነት የመውጣትና የመዛወር ታሪክ ሁለቱም የሚያኮሩ ነበሩ፤ ይህኛው ግን የቤቱን ጥንቃቄ ያሳያል፣ ሙሽራ የሚፈልገውም ጥንቃቄ ነው።

አራተኛ፦ ድርሻ መደልደል

ከመጻፋችሁ በፊት በአንድ ወረቀት ላይ አራት መስመር ጻፉ፤ ባለታሪኩ ማን ነው፣ ምን ይፈልጋል፣ ምን አገደው፣ ድርጅቱ በታሪኩ ውስጥ ምን ያደርጋል። በእኛ ምሳሌ ባለታሪኩ ሙሽራው ነው። የሚፈልገው በሰዓቱ ተዘጋጅቶ መውጣት ነው። ያገደው የተለዋወጠው ልብስ ነው። ድርጅቱ ደግሞ ስሕተቱን የሠራውና ደንቡን ያወጣው ነው። አራተኛው መስመር ላይ ብዙ ባለቤቶች ይቃወማሉ፣ «ስሕተታችንን ለምን እናወራለን?» ይላሉ። ደንቡ ያለ ስሕተቱ ትርጉም እንደማይኖረው አስረዷቸው፤ አሁንም ካልተስማሙ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ተመልሳችሁ ሌላ ውሳኔ ፈልጉ እንጂ ስሕተቱን ቆርጣችሁ ደንቡን ብቻ አትጻፉ።

አምስተኛ፦ ዋናውን ጽሑፍ መጻፍ

ዋናው ጽሑፍ በአንድ ትንፋሽ የሚነበብ፣ ከአንድ አንቀጽ የማይበልጥ ይሁን። ከመደበላለቁ ጀምሩ፤ የተመሠረተበት ዓመት፣ የባለቤቱ ስምና አድራሻው በመጨረሻ ቢመጡ ወይም ጨርሶ ባይኖሩ ጉዳት የለውም። «ምርጥ»፣ «አስተማማኝ»፣ «ዘመናዊ» የሚሉትን ቃላት ከመጀመሪያው አታስገቧቸው። እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«በአንድ የጥር ማለዳ አንድ ሙሽራ ኮቱን ሲለብስ እጅጌው ጣቶቹን ሸፈነበት። በሌላው ክፍል ሚዜው ኮቱን መቆለፍ አቅቶት ሚስቱ ትስቅበታለች። ሁለቱም ልብስ እኛ የሰፋነው፣ ሁለቱም ጥቁር ነበር፤ አለዋውጠን የሰጠነውም እኛ ነን። አባታችን መርፌና ክር ይዘው በታክሲ ሲደርሱ ልጆቹ ልብሱን ተቀያይረው፣ እናቶች እልልታውን ጀምረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከቤታችን በሚወጣ ኮት ሁሉ ገበር ውስጥ የባለቤቱ ስም በክር ይጻፋል። የሙሽራንም ልብስ ሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ባለቤቱ መስታወት ፊት ለብሶት ሳናይ አናስረክብም። በዚህ ምክንያት በጥር ብዙ ደንበኛ እንመልሳለን። የተቀበልነው ሙሽራ ግን የራሱን ልብስ ለብሶ ያገባል።»

በጽሑፉ ውስጥ የቤቱን ጥራት የሚያሞግስ አንድም ዓረፍተ ነገር የለም፤ ደንበኛ መመለሱን የሚናገረው ዓረፍተ ነገር ያንን ሥራ ይሠራል። ያ ዓረፍተ ነገር የተከፈለው ዋጋ ስለሆነ በምንም ምክንያት እንዳይወጣ ጠብቁት።

ስድስተኛ፦ ለየቦታው መቁረጥ

አንዱን ጽሑፍ በሁሉም ቦታ መለጠፍ አይሠራም። ለቴሌግራም ዋናው ጽሑፍ ከልክ ደብተሩ ፎቶ ጋር እንዳለ ይሄዳል፤ የደንበኞቹ ስም ግን መሸፈን አለበት። ለቲክቶክ ታሪኩን ማስተወን አያስፈልግም፤ በገበሩ ላይ ስም ሲጻፍ የሚታየው እጅና ከኋላ የሚሰማው የሽማግሌው ድምፅ ይበቃል። ለሬዲዮ ማስታወቂያ ጽሑፉን ጮክ ብላችሁ በሰዓት እየለካችሁ አንብቡት፤ በ30 ሰከንድ ውስጥ የሚገባው የእጅጌው ምስል፣ ደንቡና የቤቱ ስም ብቻ እንደሆነ ታያላችሁ፣ ታክሲውና እናቶቹ ይቀራሉ። ለመደብሩ ግድግዳ ደግሞ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ብቻዋን ትቆማለች።

ሰባተኛ፦ እውነቱንና ሕጉን ማረጋገጥ

የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ሐሰተኛ ወይም አሳሳች ማስታወቂያን እንዲሁም የሌላውን ምርት ወይም አገልግሎት የሚያንኳስስ ይዘትን ይከለክላል፤ ታሪክ ሆኖ መቅረቡ ማስታወቂያውን ከዚህ አያስወጣውም። ስለዚህ በጽሑፉ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ነገር ዛሬም በሥራ ላይ መዋሉን አረጋግጡ፤ ስም በገበር ላይ መጻፉ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከቀረ ዓረፍተ ነገሩም ይውጣ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰውን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ መለጠፍንና ማባዛትን ስለሚከለክል የሠርግ ፎቶ ከመጠቀማችሁ በፊት ሙሽሮቹን በጽሑፍ አስፈቅዱ። የአልኮል መጠጥ አምራች ከሆናችሁ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ላይ ስለጣለው ክልከላ አስቀድማችሁ የሕግ ሰው አማክሩ።

ስምንተኛ፦ በጆሮ መሞከር

ጽሑፉን ከማሠራጨታችሁ በፊት ለሦስት ሰዎች በቃል ንገሩ፤ ለቤቱ አንጋፋ ሠራተኛ፣ ለአንድ የቆየ ደንበኛና ድርጅቱን ጨርሶ ለማያውቅ ሰው። አንጋፋው የተጋነነውን ያርማል፣ ደንበኛው ያላመነበትን ይነግራችኋል። ሦስተኛውን ሰው አስተያየት አትጠይቁት፤ በማግስቱ «ያ የነገርኩህ ታሪክ ምን ነበር?» ብላችሁ መልሶ እንዲያወራላችሁ አድርጉ። የእጅጌውን ነገር አስታውሶ በገበሩ ላይ የሚጻፈውን ስም ከረሳ ሳቁ ደንቡን ውጦታል ማለት ነው፤ የእናቶቹንና የታክሲውን ዓረፍተ ነገር አሳጥራችሁ ደንቡን ወደ ፊት አምጡት። ታሪኩን ሙሉ በሙሉ ካስታወሰና የቤቱን ስም ብቻ ከረሳ ግን ጽሑፉን አትንኩ፤ በገበሩ ላይ ከደንበኛው ስም ሥር የቤቱን ስም ማስጨመርና ያንኑ በፎቶው ላይ ማሳየት ይቀላል።